73 በመቶ አለቀ፣ 700 ሚሊዮን ተተከለ፦ ስለ ተፈጥሮ የምንሰማው ቁጥር ምኑን ነው የሚቆጥረው?

በየሁለት ዓመቱ አንድ ሪፖርት ይወጣና ፌስቡኩም ቴሌግራሙም "የዓለም እንስሳት 73 በመቶ አለቁ" በሚል ፖስት ይጥለቀለቃል። በየሐምሌው ደሞ "በአንድ ቀን ይሄን ያህል መቶ ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ" የሚለው ዜና ይመጣና ኮሜንቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ እሰይ ይላል ግማሹ ውሸት ነው ይላል። ሁለቱም ጭቅጭቅ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ዘሎት የሚሄደው ጥያቄ አለ፣ ለመሆኑ የተቆጠረው ምንድነው? "ሕይወት በዛ" ወይ "ሕይወት ቀነሰ" ስንል ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል፦ ስንት ዓይነት ፍጡር አለ የሚለው አንድ ነው፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ስንት ራስ አለ የሚለው ሌላ ነው፣ አንዱ ዓይነት በራሱ ውስጥ ምን ያህል የተለያየ ዘር ይዟል የሚለው ደሞ ሦስተኛ ነው። እነዚ ሦስቱ አብረው አይጓዙም፣ እንደውም አንዱ የሚጨምረው ሌላውን እየበላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ጣና ላይም ስንዴ ማሳ ላይም የሆነው ይሄ ነው። (ከታች ያሉት ዓመቶች "በእኛ" ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

73 በመቶ ምን ማለት ነው፣ ምን ማለትስ አይደለም

ሪፖርቱን የሚያወጣው ደብሊውደብሊውኤፍ የሚባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ነው። የ2024ቱ እትም ወደ 5,500 የሚጠጉ የጀርባ አጥንት ያላቸው የዱር እንስሳት ዝርያዎችን ይዞ፣ ከነሱም ውስጥ በየቦታው ክትትል የሚደረግባቸውን 35,000 ገደማ ፖፑሌሽኖች ወስዶ ከ1970 እስከ 2020 ምን ሆኑ ብሎ ያየ ነው። ፖፑሌሽን ማለት አንድ አካባቢ ላይ አብሮ የሚኖር የአንድ ዝርያ ስብስብ ነው፣ ለምሳሌ የባሌ ቀይ ቀበሮ አንድ ፖፑሌሽን ነው የሰሜን ተራራው ሌላ። የነዚ ሁሉ ለውጥ በአማካይ ሲሰላ 73 በመቶ ቅናሽ መጣ።

እዚጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው። አማካዩ የለውጦች አማካይ ነው እንጂ የራሶች ድምር አይደለም። እስቲ በቀላል ቁጥር እንየው፦ አንድ ተራራ ላይ 50 ቀበሮ ነበር እንበል ወደ 5 ወረደ፣ ሌላ ቦታ ደሞ 10,000 ወፍ ነበር 50 ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። በራስ ከቆጠርን ከ10,050 እንስሳ 10,005 ቀርቷል፣ ግማሽ በመቶ እንኳን አልቀነሰም። ኢንዴክሱ (ሪፖርቱ 73 በመቶ ያለበት የአማካይ መለኪያ) ግን ሁለቱን እኩል አይቶ የቀረውን ድርሻ ያባዛል፣ 0.1 በ1 ተባዝቶ ስኩዌር ሩቱ ሲወጣ 0.32 ገደማ ይሆናል፣ ማለትም የ68 በመቶ ቅናሽ! ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ነው የሚለያየው። (እውነተኛው ኢንዴክስ ከዚህ በላይ ለአህጉርና ለእንስሳ ምድብ የሚሰጠው ክብደት አለው፣ ሐሳቡ ግን ይሄው ነው።)

ስለዚ "ከ100 እንስሳ 73ቱ ሞቱ" ማለት ስህተት ነው፣ "73 በመቶ ዝርያ ጠፋ" ማለት ደሞ የባሰ ስህተት ነው ምክንያቱም ይሄ ቁጥር የዝርያ መጥፋትን አይለካም። ነፍሳትም ዕፅዋትም ውስጡ የሉም።

ተቺዎቹም የሚሉት አላቸው። በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት በጣም ያሽቆለቆሉትን ከ3 በመቶ የማይበልጡ ፖፑሌሽኖች ከዳታው ብናወጣቸው የዓለሙ አማካይ ቅናሽ ከነጭራሹ እንደሚጠፋ አሳየ፣ ጥቂት አደጋ ላይ ያሉ ስብስቦች ናቸው ሥዕሉን ሁሉ ያጠቆሩት አለ። የሌላኛው ወገን መልስ ደሞ እነዚያ ጥቂቶች የዳታ ስህተት አይደሉም፣ በእውነት እያለቁ ያሉ እንስሳት ናቸው፣ ከስሌቱ አውጥቶ መረጋጋት ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ለኔ ሁለተኛው ወገን ስለ እንስሳቱ ትክክል ነው፣ የመጀመሪያው ደሞ ስለ አርዕስተ ዜናው። አንድ አጠቃላይ ቁጥር የት ጋ እንደተቃጠለ አይነግርህም። ሪፖርቱን ዘርዝሮ ላነበበው ግን ይነግራል፣ የባሕሩ ቅናሽ 56 በመቶ ሲሆን የወንዝና የሐይቁ 85 በመቶ ነው፣ ይሄ ልዩነት ከ73ቱ በላይ ያስጨንቃል፣ በተለይ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው።

ስንት ዓይነት፣ ስንት ኪሎ

እስካሁን ሳይንስ ስም ሰጥቶ የመዘገበው ዝርያ ወደ ሁለት ሚሊዮን ነው፣ በ2011 የወጣ ብዙ የሚጠቀስ ግምት ባክቴሪያና መሰሎቹን ሳይጨምር በጠቅላላው 8.7 ሚሊዮን ገደማ አለ ይላል፣ ሌሎች ግምቶች ከዚህም ያንሳሉ ይበልጣሉም። "አንድ ሚሊዮን ዝርያ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው" የሚለው በ2019 የተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ ያለው የሳይንቲስቶች መድረክ ያወጣው ቁጥር የተሰላው ከዚህ ግምት ላይ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ደሞ ነፍሳት ነው፣ ብዙው ስሙን እንኳን ሳናውቀው ሊጠፋ የሚችል ማለት ነው። በስም ተመዝግቦ መጥፋቱ የተረጋገጠው ግን ካለፉት 500 ዓመታት ወዲህ ሺህ እንኳን ስለማይሞላ "የታለ ሚሊዮኑ" ብለው የሚያሾፉ አሉ፣ አንዱ የተመዘገበ ሞት ነው ሌላው የአደጋ ግምት ነው፣ ማወዳደሩ ራሱ አይሄድም።

በኪሎ ሲታይ ደሞ ሌላ ዓለም ነው። በ2018 የወጣ የባዮማስ ስሌት አለ (ባዮማስ ማለት የአንድ ሕያው ነገር ሁሉ ክብደት ተደምሮ ነው)፣ በምድር ላይ ካለው አጥቢ እንስሳ ክብደት 60 በመቶው የቤት ከብት ነው፣ 36 በመቶው ሰው ነው፣ ዝሆኑ አንበሳው ዓሣ ነባሪው ሁሉ ተደምሮ 4 በመቶ ነው። ከወፎችም በክብደት ሰባ በመቶ የሚሆነው ዶሮና መሰሎቹ ናቸው። ስለዚ የእንስሳ ሥጋ ከምድር አልቀነሰም፣ ጥቂት ዓይነት ውስጥ ነው የተጠራቀመው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ትልቁ የከብት ሀብት ያላት አገር ናት እየተባለ የሚነገረውም እውነት ነው፣ በዓለም ላይ ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ብቻ መሆኑም እውነት ነው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራራ ላይ አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖር ሲሆን ከረሃብ ይልቅ የሚጨርሰው ከብት ጠባቂ ውሾች የሚያመጡበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ግማሹ ነገ ቢያልቅ የዓለም አጥቢ እንስሳ ክብደት ላይ ምንም አይታይም።

ጣና፦ ዓሣው አለ፣ ዓሣዎቹስ?

ጣና ለዚህ ጉዳይ ከዓለም ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ ነው፣ እኛ ግን ስለ ጣና ስናወራ እንቦጭ ላይ እንቀራለን። ሐይቁ ውስጥ ነጭ ዓሣ እየተባለ በጅምላ የሚጠራው አንድ ዓሣ አይደለም፣ በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች እዛው ካሉ አስጋሪዎችና ባለሙያዎች ጋር ሆነው ሲለዩት 15 ዝርያ ሆኖ ተገኘ፣ በሌላ አቆጣጠር 17። ከአስራ አምስቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ ነው የሚኖሩት፣ ይሄ ደሞ የሚገርም ነው ምክንያቱም የዚህ ቤተሰብ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ያለ ጥርስ አዳኝ መሆን ማለት ነው። ጣና ከ16 ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በነበረ ታላቅ ድርቅ ጭልጥ ብሎ ደርቆ እንደነበር የሐይቁ ደለል ያሳያል፣ ስለዚ ይሄ ሁሉ ዓይነት ከዛ ወዲህ በአጭር ጊዜ የተለያየ ሊሆን ይችላል፣ በዝግመተ ለውጥ ሂሳብ ትናንት እንደማለት ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማስገሩ በአብዛኛው በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር፣ ከ1986 ጀምሮ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ለአስጋሪው ገቢ ነበር፣ ለባሕር ዳርም ለአዲስ አበባም ዓሣ ነበር፣ ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ከነጭ ዓሣዎቹ ብዙዎቹ የሚራቡት ሐይቁ ውስጥ አይደለም፣ ክረምት ሲሆን ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ወንዞች ጠጠር ያለበት ንፁህ ውሃ ፍለጋ ይወጣሉ፣ ከመውጣታቸው በፊት ደሞ የወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ። መረቡም እዛው አፉ ላይ ይዘረጋል። በአንድ ሌሊት ጀልባ ሙሉ ይገኛል፣ የሚያዘው ግን እንቁላል የያዘው ወላጁ ነው። ወንዙ ላይ ያመለጠውን ደሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ በትነው አደንዝዘው የሚይዙ አሉ፣ ብርብራ ትልቅ ትንሽ አይለይም። በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገ ክትትል የነዚህ ዓሣዎች መጠን በግማሽ ብቻ ሳይሆን ከዛም አልፎ ወርዶ ተገኘ፣ ትንንሾቹ ደሞ ከትልልቆቹ የባሰ፣ ይሄ ማለት የሚተካ የለም ማለት ነው።

ገበያ ላይ ግን ዓሣ አልጠፋም! ቀረሶው አለ አምባዛው አለ። ቀረሶ ወንዝ መውጣት ሳያስፈልገው ሐይቁ ዳር ይራባል፣ ስለዚ ነጭ ዓሣው የለቀቀውን መረብ እሱ ይሞላዋል። የተያዘውን በቶን ብቻ የሚመዘግብ መዝገብ ይሄን ለውጥ ሊያየው አይችልም።

ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ፣ ልክ እንደ ጣና የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሣዎች የነበሩት። ከመጠን ያለፈ ማስገርና ከውጭ የመጡ ዓሣዎች ተባበሩበትና በ2020 አይዩሲኤን የተባለው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ህብረት 15ቱን ጠፍተዋል ብሎ መዘገባቸው። ሐይቁ ዛሬም ዓሣ አለው። የዚህ ዓይነት ስብስብ በዓለም ላይ ሳይፈርስ ቀረ የሚባለው ጣና ላይ ያለው ነው።

እንቦጩም በዚሁ ዓይን ቢታይ ጥሩ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ አረም ነው፣ ጣና ላይ በይፋ የተመዘገበው በ2011 ነው፣ ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ራሱን እጥፍ ያደርጋል። አረንጓዴ ነው፣ ያብባል፣ ከራቀ ያምራል እንኳን፣ በኪሎ ከለካኸው የሐይቁን ሕይወት ጨምሯል። ግን ብርሃንና አየር ዘግቶ፣ የዳሩን ሣርና ደንገል ገፍቶ፣ ዓሣ ጫጩት የሚያሳድግበትን ቦታ ይዞ ነው የሚጨምረው። በእኛ ጥቅምት 2013 የተካሄደውን ዓይነት የነቀላ ዘመቻ ያየ ሰው ድካሙን ያደንቃል፣ ነገር ግን አረሙን የሚመግበው ከተፋሰሱ በጎርፍ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚመጣው ፍሳሽም ጭምር፣ እስካልቆመ ድረስ የተነቀለው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም።

አንድ ዓይነት ውስጥ ያለ ልዩነት፦ ስንዴና ቡና

ብዝኃ ሕይወት የሚለውን ነገር በ1992 ሪዮ ላይ የተፈረመው ስምምነት (ኢትዮጵያ በ1994 አጽድቃዋለች) ሲተረጉመው በዝርያዎች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ አይደለም የሚለው፣ አንዱ ዝርያ በውስጡ ያለውን ልዩነትና የአካባቢዎችንም ልዩነት ይጨምራል። ይሄ በዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነት፣ ጄኔቲክ ልዩነት የሚሉት፣ ለዓይን ስለማይታይ ሲጠፋም አይታይም። አርሲና ባሌ ላይ ግን ታይቷል።

በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ተነሳና ኩብሳን መታ፣ ኩብሳ ያኔ ብዙ ገበሬ የሚዘራው ጥሩ ምርት የሚሰጥ ዝርያ ነበር። ገበሬው ተጎዳ፣ ቢጫ ዋግ የሚቋቋም ዘር ይሰጠን አለ፣ ዲጋሉ የሚባለው ዝርያ ደሞ ይቋቋም ነበርና በሰፊው ተሰራጨ። ሁሉም ደስ አለው። ከዛ በ2013 መጨረሻ አካባቢ ሌላ በሽታ፣ ግንድ ዋግ፣ ዲጋሉን ለይቶ የሚያጠቃ ዘር ይዞ መጣና ባሌና አርሲ ላይ አንዳንድ ማሳ ሙሉ በሙሉ እስኪወድም ድረስ ጨረሰው። ተመራማሪዎቹም የዋጉን ዘር የዲጋሉ ዋግ እስከማለት ደረሱ። እዚጋ ዲጋሉን የመረጠ ሰው ስህተት ሠራ ማለት አይቻልም፣ በዛን ሰዓት ያለው ምርጥ ዘር እሱ ነበር። ችግሩ ሁሉም እሱን መዝራቱ ነው፣ አንድ የዋግ ፈንገስ ዘር አንዱን ማሳ ለመክፈት ቁልፉን ካገኘ የጎረቤቱንም የወረዳውንም በዛው ቁልፍ ይከፍተዋል።

ቡናው ታሪኩ ተቃራኒ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ ኬንያ ላይ ከታወቀ ከ1920ዎቹ ወዲህ ሲዞር ቆይቶ በ1971 ኢትዮጵያ ገባ፣ አረንጓዴውን ፍሬ ጥቁር አድርጎ ነው የሚያረግፈው። ያኔ ጅማ ያሉት ተመራማሪዎች መድኃኒት ርጭት ላይ ብቻ አልቆሙም፣ በሽታው በወረደበት ጫካና ጓሮ እየዞሩ በታመሙት መሃል ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ እየለዩ ዘሩን ሰበሰቡ። ዛሬ ቡና የሚነግድ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 የሚባሉት ከኢሉባቦር መቱ፣ ቢሻሪ ከሚባለው ቦታ በዚሁ መንገድ የተገኙ ናቸው፣ መጀመሪያ ላይ ያለችው 74 የተመረጡበት ዓመት ናት። ከተሰበሰቡ በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለገበሬው ደረሱ። ብራዚል ወይ ኮሎምቢያ ቢሆን ይሄ አይቻልም ነበር፣ እዛ ያለው አረቢካ አብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ዛፎች ስለሚወለድ መሃሉ ላይ የተለየ ዛፍ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

የካሊፎርኒያ ገብስም እንደዚሁ ነው፣ ቢጫ ድንክ የሚባለውን ቫይረስ የሚቋቋምበት ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

አሁን ግን አንድ የማይመች ነገር አለ። እነዚያ የተመረጡት የቡና ዘሮች ስለተሳካላቸው በየቦታው እየተባዙ ነው፣ ሲባዙ ደሞ የሚተኩት የድሮውን የጫካና የጓሮ ቡና ነው፣ ማለትም እነሱ ራሳቸው የተገኙበትን። ገበሬውን "አሮጌውን አትንቀል" ማለት ቀላል ነው፣ ምርቱ ሲያንስ ልዩነቱን የሚከፍለው ማነው የሚለው ግን እስካሁን በቂ መልስ አላገኘም። የጂን ባንክ አለ (የአዲስ አበባው ከ1976 ጀምሮ አለ፣ አሁን የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው)፣ ነገር ግን የቡና ዘር እንደ ጤፍና ገብስ አድርቀህ ፍሪጅ ውስጥ ለብዙ ዓመት የምታኖረው ዓይነት አይደለም፣ ዛፉ መሬት ላይ ቆሞ ነው መጠበቅ ያለበት።

የሐምሌው ቁጥር

በዚህ ሁሉ ዓይን አረንጓዴ አሻራን ብናየውስ? በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ከ350 ሚሊዮን በላይ በአንድ ቀን ተተከለ ተባለ፣ በእኛው ሐምሌ 2017 ዕቅዱ በአንድ ቀን 700 ሚሊዮን ደረሰ። ሶሻል ሚዲያ ላይ ክርክሩ ሁሌ ቁጥሩ እውነት ነው ወይስ ውሸት የሚል ነው፣ ትንሽ ሻል ያለው ደሞ ስንቱ ጸደቀ ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ናቸው ግን ሁለቱም ብዛት ላይ ነው የሚቀሩት። 700 ሚሊዮኑ ሁሉ ተተክሎ ሁሉም ቢጸድቅ እንኳን ምኑ ነው የተተከለው የሚለው ገና አልተነካም።

ደጋፊዎቹ የሚሉት አላቸው፣ ደሞም ቀላል አይደለም። የተራቆተ ተዳፋት መጀመሪያ የሚፈልገው ሥር ነው፣ የማንም ዛፍ ሥር ይሁን አፈር ይይዛል። ችግኙ ውስጥ ቡናም አቮካዶም ማንጎም የከብት መኖም አለ፣ እሱ ለገበሬው ገቢ ነው፣ ገቢ ያላገኘ ገበሬ ችግኝ አይንከባከብም። ባሕር ዛፍም ቢሆን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባን ማገዶና የቤት ማገር ችሎ ባይሆን ኖሮ የቀረው ጥድና ወይራ ምን ይሆን ነበር የሚለው ሙግት መልስ የሚፈልግ ሙግት ነው።

በሌላ በኩል የአንድ ዓይነት ዛፍ ረድፍ ደን አይሆንም። ሰሜኑ ደጋ ላይ ደን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የፈለገ ሰው የሚሄደው ቤተክርስቲያን አጥር ግቢ ውስጥ ነው፣ ደቡብ ጎንደር ላይ ከአውሮፕላን ሲታይ እርሻ መሃል ነጠብጣብ ሆነው የሚታዩት ጫካዎች ትንንሽ ናቸው ግን ውስጣቸው ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ጥቁር እንጨት ተደባልቆ አለ፣ ከስሩ ደሞ ቁጥቋጦውና ሐረጉ፣ ነፍሳቱና ወፉ። በሄክታር ሲለካ ኢምንት ነው፣ የአንድ ቀን ዘመቻ ይበልጠዋል። አገር በቀል ዘር ፍለጋ የሚኬደው ግን እሱ ጋ ነው። እነዚ ጫካዎችም ዳራቸው በከብትና በእርሻ እየተሸረፈ፣ አንዳንዱም ውስጥ ባሕር ዛፍ እየገባ ነው፣ አጥር በድንጋይ ካብ የታጠረላቸው ቦታዎች ላይ ቡቃያ እንደገና መነሳቱ ታይቷል፣ ርካሽ ሥራ ነው፣ ለካሜራ ግን አይመችም።

በ2022 ሞንትሪያል ላይ የተስማሙበት ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ እስከ 2030 ድረስ ከምድሩም ከባሕሩም 30 በመቶ ይጠበቅ ይላል፣ ከተጎሳቆለውም 30 በመቶ መልሶ ማገገም ላይ ይሁን ይላል። አገሮች ሪፖርት ሲያደርጉ የሚቀላቸው ሄክታር ነው፣ እኛም ጋ የሚቀለው የችግኝ ቁጥር ነው፣ ስለዚ በሚቀጥሉት ዓመታት የምንሰማው ቁጥር እያደገ ሲሄድ ውስጡ እየጠበበ ሊሄድ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ይሄ ደሞ የማንም ሴራ አይደለም፣ በአብዛኛው የሚወሰነው ችግኝ ጣቢያው ላይ ነው። የባሕር ዛፍ ዘር ደቃቅ ነው፣ ደርቆ ዓመታት ይቀመጣል፣ በተፈለገ ወር ይዘራል፣ ቶሎ ያድጋል። ጥቁር እንጨት ግን ፍሬው ከዛፉ እንደወረደ ሳይሰነብት መዘራት አለበት፣ ከደረቀ አይበቅልም፣ ዝግባውም በዝግታ የሚነሳ ነው። የወረዳው ኮታ "ይሄን ያህል ሺህ ችግኝ እስከ ሰኔ" ብቻ ከሆነና ከውስጡ ስንት ዓይነት፣ ከስንት እናት ዛፍ የተለቀመ የሚል መስመር ፎርሙ ላይ ከሌለ፣ ጣቢያው ላይ ያለው ባለሙያ የቱን ዘር እንደሚያነሳ ግልጽ ነው፣ እሱ ቦታ የተቀመጠ ማንም ያንኑ ነው የሚያነሳው።